አንብበህ ኤንተር በል

ሩሐማ ካዛንቺስ በሚገኝ የቪዲዮ ስቱዲዮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራ ይዛ እየዞረች የጎረቤቶቿን ወግ ትቀርጽ ነበር። ከሁሉም የምትወደው የወይዘሮ ሸዋአየሁን ነው። ሴትየዋ ካሜራው ፊት ተቀምጠው ባላቸውን አቶ ዘነበን እያሙ እንባቸው እስኪፈስ ስቀዋል። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አቶ ዘነበም ሩሐማን አስጠርተው፣ «ፎቶዋ አለኝ፤ ድምፅዋን አምጪልኝ» አሏት። እሺ አለች።

የስቱዲዮው ባለቤት ታዲዎስ ችኩል ሰው ነው። ሩሐማ ሥራዋን የምትሠራው ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈት ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት ትዕዛዝ እየጻፈች ነበር፤ እሱ ደግሞ ከትከሻዋ ኋላ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ለቅሟል። ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ሲጫኗት ቀድሞ የተጻፈው ትዕዛዝ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ቃል ለውጦ ኤንተር ማለት ነው። አንድ ቀን ሩሐማ ዘመድ ልትቀብር ቂርቆስ ሄዳ ሳለ ኮምፒውተሩ ላይ ለሰርግ ፊልም ቦታ ጠበበው። ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጦ ቀስቷን ተጫነ። ሩሐማ ከሰፈሩ ቅጂዎች ማኅደር ውስጥ ትርኪምርኪውን ብቻ የምታጠፋበት ትዕዛዝ ወጣ። ትርኪምርኪውን የምትለየውን የመጨረሻዋን ቃል ቆረጠና ኤንተር አለ። የሰፈሩ ሰው ድምፅ በሙሉ ጠፋ። መጠባበቂያ ዲስክ እንዲገዛ ስትለምነው፣ «ቀስ ብለን» ሲላት ነው የኖረው።

አቶ ዘነበ ሲመጡ ታዲዎስ ቀድሞ ተናገረ። «ጋሼ፣ ልጅቷ በስህተት አጥፍታዋለች።»

«እኔ አልነበርኩም» አለች ሩሐማ።

«ትዕዛዙ የሷ፣ ኮምፒውተሩ የሷ፤ ማን ሊሆን ነው?»

ሽማግሌው አንዴ አዩዋትና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሱም። እሷንም ታዲዎስ ከሥራ አሰናበታት። ሜክሲኮ አካባቢ ሌላ ሥራ ብታገኝም ያ አስተያየት ከፊቷ አልጠፋ አለ።

ከወራት በኋላ ታዲዎስ ደወለ። የአንድ ትልቅ ደንበኛ ልጅ የሰርግ ፊልም በማግሥቱ ሆቴል ውስጥ ሊታይ ነው፤ ፋይሉ አልከፈት ብሎታል። «ሩሕዬ፣ ካንቺ ሌላ የሚያውቀው የለም» አለ። ሄደች። አስተካከለችው። ከዚያ እሱ በስልክ ሊነጋገር ወጣ ሲል ፊልሙን ወደ ራሷ ፍላሽ ገለበጠችው።

ሲመለስ፣ «ለጋሽ ዘነበ እውነቱን ንገራቸው» አለችው።

«ማለቴ፣ ያለፈ ነገር አይደል? በቃ እርሺው። ሽማግሌውን አሁን ማስጨነቅ ምን ያደርጋል?»

ሌላ ነገር ቢላት ኖሮ ትታው ትሄድ ነበር። አሁን ግን ቀስቷን ደጋግማ ተጫነች። ያ ትዕዛዝ፣ እሱ እንደቆረጠው፣ ወጣ። የሰፈሩ ፋይሎች ስም በነበረበት የሰርጉን ስም አስገባችና እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው አነሳች።

«ይኸው፤ አንብበህ ኤንተር በል።»

ስልኩ እንደገና ጮኾ ነበር። ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ወደ ጥቁሩ መስኮት እንኳ ሳያይ፣ ተጫነ። ዘወር ሲል የሰርጉ ማኅደር ባዶ ነው።

«ምን አደረግሽ?»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። የተጫንከው አንተ ነህ።»

«ትዕዛዙን የጻፍሽው አንቺ!»

«አዎ። ያን ጊዜም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።» ላብ ግንባሩ ላይ ሲወርድ አየችና ደስ አላት። ደስታዋን አልደበቀችም። «ቅጂ አለኝ። ጎተራ እንሂድ፤ እውነቱን ስትነግራቸው እዚያ ትወስደዋለህ።»

አቶ ዘነበ በር ላይ አቆሟቸው። ታዲዎስ አንገቱን ደፍቶ የሆነውን ተናገረ፤ ሊያሳጥር ሲሞክር ሩሐማ «ከመጀመሪያው» እያለች መለሰችው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ወደሷ ዞሩ። «እና ይህን ሁሉ ጊዜ አንቺን ስረግም ኖርኩ?»

ፍላሹን አውጥታ በመዳፋቸው አስቀመጠችላቸው። «የእሱ የሰርግ ፊልም ነው ጋሼ። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ከፈለጉ ይስበሩት።»

አገላበጡት። «የማን ሰርግ ነው?»

«ልደት የምትባል ልጅ» አለ ታዲዎስ።

«ልደት ምን አደረገችኝ?» ብለው ፍላሹን ሰጡት። «ሂድ። ደጄን ግን ዳግመኛ እንዳትረግጥ።»

ደረጃውን በሩጫ ሲወርድ ሰማችው። ፕላስቲኩ በጣታቸው መሃል ሲሰበር መስማት ነበር ምኞቷ።

«ከፋሽ?» አሏት።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔንም ከፍቶኛል» አሉና ወንበር ሳቡላት።

ፊልሙ በማግሥቱ ታየ፤ ተወደደም ተባለ። ታዲዎስ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ሰነበተ። የካዛንቺስ ሰው ግን ቢበተንም ለቅሶ ላይ ይገናኛል፤ አቶ ዘነበም ነገሩን በልባቸው አላኖሩትም። ወሎ ሰፈር አንዲት የቀድሞ ጎረቤት ባረፉ ጊዜ ታዲዎስ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። የተቀመጡት ሰላምታውን በግማሽ አፍ መለሱለት፤ ጠጋ ያለለት ግን አልነበረም። ዓይኑ ከወንበር ወንበር ዞሮ ሩሐማ ጋ ደረሰ። ከጎኗ ባዶ ቦታ ነበር። እያየችው ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።