የላዛር አንድ ዓይን

ከቪየና ተምሮ የተመለሰው ሠዓሊ ኔድያልኮ ወደ ጭሰኛዋ ስቶይና ቤት የመጣው ዱባው በተለቀመ ሰሞን ነው። የሞተው ልጇ ላዛር፣ ለመንደራቸው ለቤሊ ዶል ቤተ ክርስቲያን በሚሠራው የቅዱስ ዲሚታር ሥዕል ላይ ከፈረሰኛው ጋር ሊገባ መሆኑን ነገራት። ልጁን በሕይወቱ አይቶት አያውቅምና መልኩን እንድትነግረው ጠየቃት።

ላዛር የባለርስቱን የጌንቾን ድርቆሽ አቃጥሏል ተብሎ በጥይት ከተገደለ ወዲህ ስሙን በደግ ያነሳ ሰው አልነበረም። ጌንቾ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስለከለከለው የተቀበረውም በእናቱ ጓሮ ነው። ስቶይና አሁን፣ በታች ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከምርኮ ያወጣውን ልጅ እንዳፈናጠጠው ሁሉ፣ ዲሚታርም ላዛርን አፈናጥጦ ሲጋልብ ታያት። ዱባ ጠብሳ፣ ራኪያ የሚሉትን አረቄ ቀድታ አስተናገደችው። የቅንድቡን ጠባሳ፣ የተቆረጠውን የጆሮውን ጫፍ፣ ማር የመሰለውን የዓይኑን ቀለም ነገረችው። በወዲያኛው ጉንጩ ላይ ማርያም የሳመችውንም ልትጨምር ስትል አቋረጣት።

«ይበቃል፣ እማማ ስቶይና። እኔ የምፈልገው አንድ ጎኑን ነው።»

ራኪያውን ሳይጨርስ ወጣ።

በቅዱሱ በዓል ቀን ደህናውን ሻሿን አስራ ሥዕሉን ሊሳለም ከቆመው ሰልፍ ገባች። ዲሚታር በቀይ ፈረስ ላይ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ሕዝቡን ያያል። ከኋላው ማንም የለም። ላዛር ከሰኮናው ሥር ተዘርሯል፤ ጦሩ ደረቱ ላይ ተተክሏል። እንደ ክፉዎች ሁሉ በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የተሳለው። ጠባሳው አለ። ጆሮውም አለ።

የአገሩ ልማድ የቅዱሱን እግር ስሞ፣ የወደቀውን ሰው ዓይን በጥፍር ጫር አድርጎ ማለፍ ነው። ሥዕሉን ያሠራው ጌንቾ አጠገቡ ቆሟል፤ ከጭሰኞቹ ማን ለከርሞ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚባረር የሚናገረው በዚሁ ቀን ነው። ጎጆዋ የእሱ ናት። መቃብሩ ያለበት ጓሮም የእሱ ነው።

«ምነው ስቶይና፣ ፈረሱ አስፈራሽ?» አላት። «ወይስ የምታውቂው ሰው አየሽ?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ኔድያልኮ ከአምዱ ሥር ቆሞ ጫማውን ያያል።

«አላውቀውም» አለች።

የቅዱሱን እግር ሳመችና ጣቷን ወደ ታች አወረደች። ጌንቾ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ጠንከር አድርጊው እንጂ፤ ይሄማ መኳል ነው።»

ጠንከር አደረገችው። «ለከርሞም ቆዪ» አላት።

ቤቷ ስትደርስ ከጓሮው የመቃብር ድንጋይ አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን በፀሐዩ አየችው። ከሥሩ የገባው ቀለም ማር ይመስላል። ሠዓሊው አንዱንም አልሳተም።