አልሄድም ያለው ታቦት

የወንጀል ምርመራ አለቃው መቶ አለቃ ቅጣውን ከአዲስ አበባ ሲልከው ነገሩን አላስረዘመም። የመንዝና የግሼ አብያተ ክርስቲያናትን እያራቆተ ቅርሱን ለፈረንጅ የሚቸበችብ ቡድን አለ። «ባዶ እጅህን ከመጣህ ኤርትራ ትዘምታለህ» አለው። ቅጣው ደግሞ ዘመቻ የማይስማማው ሰው ነው፤ በተለይ ጥይት ያለበት።

በገበያ ቀን ጋቢ ደርቦ በግሼዋ ከተማ ራቤል ሲዞር፣ ሌቦቹ ራሳቸው መጡለት። ያውም ቄስ ሆነው! ሁለቱ ጃንጥላ ዘርግተዋል፤ መሃለኛው ካባ ለብሶ በመጎናጸፊያ የተሸፈነ ነገር ራሱ ላይ ተሸክሟል። ቤተ ክርስቲያኑ ሊታደስ ስለሆነ ታቦቱን ወደ ሌላ ደብር እያዛወሩ ነው አሉ። ገበያተኛው በጉን ጥሎ ተደፋ። መሃለኛው «ይባርካችሁ» ሲል የወርቅ ጥርሱ ብልጭ አለ። ቅጣው ያቺን ጥርስ ስንት ጊዜ ሲፈልጋት ኖሯል! የቡድኑ አለቃ የወሰኔ ናት።

ከገበያው ዳር መኪናቸው ሞተሯን አስነስታ ትጠብቃለች። ቅጣው ሽጉጡን ነካ አድርጎ ተወው። ታቦት በተሸከመ ቄስ ላይ እጁን ቢያነሳ ከግሼ ሰው ዱላ የሚያስጥለው አብዮት የለም። ጨነቀው። ድንገት መንገዱ መሃል ተደፍቶ ጮኸ፦

«ሕዝበ ክርስቲያን! ታቦቱ አልሄድም ብሏል!»

እማሆይ ወለተኪዳን የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው! ታቦት አልሄድም ካለ ይዘመርለታል፣ ይለመናል፤ ተሸካሚውም ንቅንቅ አይልም። ወሰኔ እግሩን ሊያነሳ ሲል ሕዝቡ ፊቱ ተነጠፈ።

«ኧረ እሺ ብሏል፣ ይሄዳል!» አለ።

«ምን አስቸኮለዎት አባቴ? ሲፈቅድ ይሄዳል» አሉት እማሆይ።

ከበሮ መጣ። ፀሐዩ ከረረ። የወሰኔ አንገት ተንቀጠቀጠ፤ ሸክሙ የስንት ደብር ዝርፊያ ነዋ! በመጨረሻ ሸክሙ ከራሱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። የብር መስቀሉ፣ የብራና መጽሐፉ ተዘረገፈ፤ በቀይ ሐር የተጠቀለለ እውነተኛ ጽላትም ከመሃል ወጣ።

ገበያው በሙሉ ፊቱን አፈር ውስጥ ቀበረ። ጃንጥላ ያዦቹ ሌቦች እንኳ ተደፉ። ወሰኔ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ለመሮጥ ከዚህ የተሻለ ቀን የት ይገኛል? ቅጣው ደግሞ ቀና ቢል ኃጢአት፣ ባይል ኤርትራ። በጣም ፈራ፤ ሁለቱንም። ዓይኑን እንደጨፈነ በዳበሳ ተሳበና የሰው ቁርጭምጭሚት ሲያገኝ ጨምድዶ ያዘ።

«ጌታዬ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ! ልቀቁኝ ልስገድ!» አለ ወሰኔ።

«ስገድ፣ ማን ከለከለህ» አለ ቅጣው አፈር በሞላው አፉ፤ «እግርህን ግን ለእኔ ተውልኝ።»

ወሰኔ ከአጠገቡ ተደፋ። የደብሩ ቄስ እስኪመጣ ድረስም ማንም ቀና አላለም።