የአው ሐሰን እጅ

ፋጡማ ምላሰኛ ናት። ሸዋ በር ላይ ድንች ስትሸጥ ዋጋ የተከራከራት ሰው ቀልቡ ተገፎ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ግን ራጅ ክፍል ውስጥ ምላሷ ተሳሰረ።

የልጇ የዘቢባ ጭን ላይ ጠጣር እባጭ ወጥቷል። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ዳብሶ፣ «ሕፃናት ላይ እምብዛም የማይታይ ክፉ የሥጋ ዕጢ ነው፤ ሳይዛመት እግሯ ይቆረጥ» ብሏል። ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ነው።

የራጁ ሐኪም ዶክተር እንደሻው ግን ዓይኑን የሚያምን ሰው ነው። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ፋጡማን ጠራት።

«ነይ እዪው። አጥንቷ ደህና ነው። እባጩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ዳር ዳሩ ነጭ፣ መሃሉ ባዶ። ክፉው ዕጢ ቢሆን መሃሉ ነበር የሚነጣው። ይሄ የተቀጠቀጠ ሥጋ አጥንት ሲያበቅል ነው የሚመስለኝ። ማን ነካት?»

«አህያ ረገጣት። ከዚያ ወዲያ ወላሂ ማንም አልነካት!» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ተይ እንጂ! በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ፋጡማን ላብ አጠመቃት። ልጅቷን ያሹት ወጌሻ የፋጡማ የገዛ አባት አው ሐሰን ናቸው፤ ፈላና በር አካባቢ አጥንቱ የወለቀበት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ልጅቷ እየጮኸች በየቀኑ በቅቤ አሽተዋታል። አምና ደግሞ አንድ ወጌሻ በሐኪም ክስ ታስሯል። አባቷን አሳልፋ ትስጥ? የልጇስ እግር?

«አባቴ ናቸው ያሿት!» ብላ ጮኸች። «ማሰር ካሻችሁ እኔን እሰሩኝ፣ እግሯን ግን እንዳትነኩ!»

እንደሻው ሳቀ። «ማን ያስራል? የተረገጠ ሥጋ ሲታሽ ነው አጥንት የሚያበቅለው፤ ይህችን ነበር የፈለግኋት!» ፊልሙን ይዞ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሄደ። ሲመለስ፣ «ቢላዋው ቀርቷል። በወሩ ራጅ እናነሳታለን፤ እባጩ ካነሰ አልተሳሳትኩም። እስከዚያ ማንም እንዳያሻት» አላት።

ቤት ስትደርስ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «አባዬ፣ እጅዎ ነው ሊያስቆርጣት የነበረው።»

አው ሐሰን እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ከተቱ። ወይ ጉድ! ያ ሰው ሁሉ የሚመርቀው እጅ ከዚያ ወዲያ የወለቀ ክንድ ሲመጣለት እንኳ አልወጣም፤ ለሰላምታም ቢሆን።

በወሩ ራጁ ተነሣ። ዳሩ ጠንክሯል፤ እባጩ አንሷል። እንደሻው፣ «ምን አልኩሽ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

አው ሐሰን ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ዘቢባ የእናቷን እጅ አስለቅቃ ሮጠች፤ በዚያው እግሯ። ኩታቸውን ገልጣ እጃቸውን ጎትታ አወጣችና ሳመችው። ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሱ።