የተካ እንቁራሪት

ባሌ ተካ ሽበቱን ተሸክሞ ከጌም ጋር የሚታገል ሰው ነው። ልጃችን ሐሴት ከኦሎምፒያ ሰፈር የገዛችለት፣ የድሮ የጌም ቤት ጨዋታዎችን ሁሉ ሰብስባ የያዘች፣ በእጅ የምትያዝ ጌም ነበረችው። ያን ሁሉ ጨዋታ ትቶ የሚጫወተው አንዱን ብቻ ነው፤ እንቁራሪቷን መኪና ሳይገጫት መንገድ ማሻገር። እኔን አስፋልት መሀል ጥሎኝ እየተሻገረ ለእንቁራሪት ይጨነቃል!

ከጎረቤታችን ከገብረአምላክ ጋር የተኳረፉትም በዚህችው እንቁራሪት ነው። ያኔ ካዛንቺስ ሳይፈርስ አንድ ግቢ ነበርን። ገብሬ አንድ ቀን ጌሟን ተውሶ አንደኛ ወጣና ስሙ ስክሪኑ አናት ላይ ቁጭ አለ። ተካ ደግሞ የገብሬ እህት ልጅ ኤርሚ ነው የተጫወተለት ብሎ አስወራበት። በቃ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ በር እየገቡ እየወጡ ሰላምታ አቆሙ። ገብሬ ሲታመም ጠይቀው ብዬ ብለምነው፣ መጀመሪያ ልብለጠውና እሄዳለሁ አለኝ። ሳይበልጠው ገብሬ ሞተ።

እንግዲህ ሰፈሩ ዓይኑን የጣለው ተካ ላይ ነው። ለቅሶው ላይ ካላዘነ "ደስ ብሎት ነው" ሊሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ? ጋቢ አልብሼ፣ አደራ ብዬ ድንኳን አስገባሁት። እሱ ግን ያቺን ጉድ በጋቢው ስር ይዟት ገብቷል። ኋላ ሲጠየቅ፣ ለቅሶ ቤት ካርታ ይጫወቱ የለ እንዴ፣ የኔ በምን ይለያል ብሎ ተከራከረ።

ሰው ዝም ብሎ ንፍሮውን እየቆረጠመ ሳለ ተካ ጭኑን በጥፊ መታና "ወይኔ ገብሬ! ወይኔ!" ብሎ ጮኸ። እንቁራሪቷን መኪና ጨፍልቋታል። ለቀስተኛው ይህን በምን ይወቅ? አንዱ ሲያለቅስ አብሮ ማልቀስ ነው። ንፍሮውን እያስቀመጠ ብድግ ብሎ ያለቅስ ጀመር። ገብሬን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ሴትዮ ሳትቀር ደረቷን ትደቃለች። የሟች ሚስት ጽጌሬዳ ከቤት ወጥታ የተካ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ይኼኔ ጌሟ ከጋቢው ሾልካ ወደቀችና መዝፈን ጀመረች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጽጌሬዳ ጌሟን አነሳችና ስክሪኑን አየች።

"አሁንም አንደኛው እሱ ነው?"

ተካ አንገቱን ደፍቶ፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ አላት።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "እሱ እኮ፣ ተካ የበለጠኝ ቀን ሊፎክርብኝ ይመጣል እያለ በሩን ሲያይ ነው የከረመው።" ይህን ብላ ጌሟን ጭኑ ላይ መልሳለት ገባች።

ተካ ጋቢውን ከነራሱ ተከናንቦ ጥግ ያዘ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዋቅጅራ ተቆጥተው ጠሩኝ፤ ይኼ ሰውዬ ጌሟን ደግሞ ጀመረ፣ ሂጂና ቀሚው አሉኝ።

በንዴት ሄጄ ጋቢውን ገለጥኩት። ጌሟ ተዘግታ ከወንበሩ ስር ተቀምጣለች። እጁ ባዶ ነው፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። መልሼ አለበስኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።