የቆሸሸው ብርጭቆ ነው

ላብራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ ማጠብ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሳሙና፣ በብሩሽ፣ ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ በተጣራ ውኃ። እኔ ያጠብኩትን ቱቦ መስኮቱ ጋ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው፣ በውስጡ አሻግሮ የቆሙትን መኪኖች ሊቆጥር ይችላል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ፕሮፌሰራችን ግን ከካቻምና ጀምሮ ሥራዬ አልዋጥላቸው አለ። ቱቦውን ወደ ብርሃን ያነሱና ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው "ጭጋግ!" ይሉኛል። ደግሜ አጥባለሁ። "አሁንም ጭጋግ!" መጀመሪያ ሳቅሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣ ሳቄ ቀረ፤ ሁለተኛው ሲከተል እንቅልፌም ቀረ። ሦስተኛው የስንብት ነው፣ የሁለት ልጆቼ ዳቦ ደግሞ በእነዚሁ ቱቦዎች ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ሰውዬው የሚያስተምሩት ምን መሰላችሁ? የዓይን ሞራ! በየዓመቱ እንቁላል ያስመጡና አስኳሉን ለይተው፣ ሲሞቅ እንደ ሞራ የሚነጣውን ፈሳሽ በጨው ውኃ አቅጥነው፣ ከማሞቃቸው በፊት ለተማሪዎቹ እንዲህ ይላሉ፦

"ሌንሳችን የጠራው ፕሮቲኖቹ በሥርዓት ተጠጋግተው ስለተቀመጡ ነው። አይተኩም፤ እናቴ ሆድ ውስጥ ሳለሁ የተሠሩት ዛሬም አሉ። ሲያረጁ ቅርጻቸው ይፈታል፣ ይጣበቃሉ፣ ይጓጉላሉ። ይህን የሚከላከሉ ዘበኛ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱም ይደክማሉ። ያኔ ብርሃን ይበተናል። ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ግን በሽተኛው አያውቅም፤ አምፖሉን፣ መስኮቱን፣ መነጽሩን ይወቅሳል።"

ብርጭቆ አጣቢዋን ረሷት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ዘንድሮ ቱቦውን ገና ከእሳት ሳያስጠጉ አነሱት። "እንቁላሉ ተበላሽቷል፤ ሳይሞቅ ነጭ ሆኗል!" ቱቦው ጥርት ያለ ነበር። ተማሪዎቹ ተያዩ፤ ፈተና ደርሷልና "አዎ ፕሮፌሰር" ብለው ጻፉ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የቱቦውን ነገር ሊያጣራ መጣ። ኮሪደር ላይ "እህቴ፣ እንደ መስታወት ነው እኮ!" አለኝ። ፕሮፌሰሩ ፊት ሲቆም ግን ጉሮሮውን ጠረገ፤ የእሳቸው ተማሪ ነበር። "ትንሽ... ጭጋግ ነገር አያጣውም።" ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ደሜ ፈላ። "ፕሮፌሰር፣ ብርጭቆው ምንም አልሆነም። ዓይንዎን ይታዩ!"

"በይ ሦስተኛውን ደብዳቤ ጠብቂ" አሉኝ።

ደብዳቤው ለፊርማ በቀረበበት ቀን፣ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ጥግ ያለውን የኮት መስቀያ "እንዴት ዋልክ?" ብለው እጅ ሊጨብጡት ሄዱ። ባለቤታቸው ይህን ሰምተው በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ያረጀው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሹ ተተካላቸው።

ከወር በኋላ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ እጄን በሽርጤ አደረቅሁ። አንድ ቱቦ አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙት፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

"እንዴት ያምራል!" አሉ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አየሽ? ማስጠንቀቂያ ሲሰጥሽ ማጠብ ትችያለሽ!"

ስንብቱ ቀረ። ማኅደሬ ውስጥ "በተሰጣት ማስጠንቀቂያ ታርማለች" የሚል ወረቀት ገባ።

እኔስ ምን አልኩ? "አመሰግናለሁ፣ ፕሮፌሰር።" እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።