የቦናያ ኬብል

መክብብ ደክሞታል። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ሳይበር የሚሉትን ኢንተርኔት ቤት ከፍቶ መኖር ድሮም ዕረፍት የለውም፤ የዚህ ሳምንቱ ግን ባሰ። ስድስቱ ኮምፒውተሮቹ የራሳቸው ሃርድ ዲስክ የላቸውም። ሲበሩ በኬብሉ በኩል «እኔ ማን ነኝ? ፋይሌስ የት ነው?» ብለው ይጣራሉ፤ ጓዳ የተቀመጠው ዋናው ኮምፒውተር ቁጥርና የመነሻ ፋይል ያድላቸዋል። ዋናው ከዚህ እደላ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ የኢንተርኔት ገጽ እንኳ አይከፍትም። ታዲያ ከሰኞ ጀምሮ ስድስቱም ቁጥር ይቀበላሉ፣ ፋይል ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ «ፋይሉ አልተገኘም» ብለው ይገተራሉ።

ያልሞከረው የለም። ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች ቀየረ፣ አቧራ እፍ አለ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ከኢንተርኔት እንደ አዲስ ሊያወርድ ቢጀምር ግማሽ ላይ እየተቋረጠ አንገበገበው። በመከራ ሙሉው ወረደ፤ ለውጥ ግን የለም።

ጥግ ላይ ጃለቱ ተቀምጣለች፤ የጎረቤቱ የቦናያ ልጅ ናት። የነርስ ኮሌጅ ምርጫዋን የምትልክበት ገጽ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። በስልኳ ሞክራ ገጹ አልከፈት ብሏታል፤ ሌላው ሳይበር ከተዘጋ ቆይቷል። ዛሬ ካመለጣት ዓመቱን በአባቷ ሆቴል አንሶላ ስትቀይር መክረሟ ነው።

«ጋሼ መክብብ፣ ይደርሳል?»

«ሳዋ፣ ሳዋ፤ እሺ፣ ይደርሳል» አላት፤ እሱ ራሱ ግን አላመነም።

ከሰዓት በኋላ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ ሲያይ ኮምፒውተሮቹ የያዙት ቁጥር እሱ የሚያድለው አይደለም። መስመሩ ላይ እንደ ዋናው ቁጥር የሚያድል ሌላ መላሽ ገብቷል ማለት ነው። እነዚህ የዋህ ማሽኖች ደግሞ ቀድሞ የመለሰላቸውን አምነው ይከተላሉ፤ ያኛው መላሽ ቁጥር እንጂ ፋይል የሚባል ነገር የለውም። ከሳይበሩ የሚወጣው ኬብል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳውን በስቶ ወደ ቦናያ ሆቴል የሚሄደው።

ነቅሎ ማየት የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። ግን እንዴት ብሎ? ኬብሉን በወዳጅነት የሰጠው ራሱ ነው። ባለፈው ወር ሰው ፊት «እንግዶችህ መስመሩን ጨረሱት» ብሎ ቢቀልድ ቦናያ ተቀይሞ፣ ሽማግሌ ገብቶ በስንት ልመና ነው የታረቁት። አሁን ቢነቅለው ቂም ይዞ ቆረጠኝ ሊባል ነው። ሄዶ «ምን ሰካህበት?» ማለትም ያው መክሰስ ነው። ሚስቱ አረጋሽ ሻይ ይዛ ብቅ ስትል ነገሩን ቢነግራት፣ «ተው፣ ቁስሉ ገና አልሻረም» አለችው። እናም ይሄ ሞኝ ደህናውን ስዊች እንደገና ይፈታው ጀመር።

ጃለቱ ሰዓቷን አየች። «ምን ቀረ፣ ጋሼ?»

«አንድ ኬብል።»

«የትኛው?»

የመክብብ ዓይን ወደ ግድግዳው ሄደ። ልጅቷም ዓይኑን ተከትላ ሄደችና ኬብሉን ነቀለችው።

መክብብ እየተጣደፈ ኮምፒውተሮቹን አጥፍቶ አበራ። ተራ በተራ ሲነሱ ሲያይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ጃለቱ ስሟን ጻፈች፣ የፈተና ቁጥሯን ጻፈች፣ «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ገጹ ቆየና ጊዜው ማለፉን ነገራት።

«ፖሌ፣ ልጄ… ይቅርታ» አለ መክብብ።

ወዲያው ቦናያ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። «መክብብ፣ ቆረጥከኝ?»

«የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ አባ» አለች ጃለቱ። «እኛ ጋ ምን ሰክተህበት ነው?»

«ዋይፋይ ነዋ፤ ሰኞ ገዝቼ።» ቁጥር ሲያድል የከረመው ሌላው መላሽ ያ የዋይፋይ ሳጥን ኖሯል። ቦናያ ወደ መክብብ ዞረ። «እንግዶቹ ኢንተርኔት ኢንተርኔት እያሉ ሲነዘንዙኝ፣ አንተም እንደደከመህ አየሁና እንዳላስቸግርህ ብዬ ራሴ ሰካሁት። ያ ዋቃ! ብትጠይቀኝ እነቅለው ነበር እኮ!»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው» አለ መክብብ።

ጃለቱ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። አላለቀሰችም። «ሁለታችሁ ስትከባበሩ እኔን ጨረሳችሁኝ» አለችና ወጣች።

መክብብ እንደዚያን ዕለት አፍሮ አያውቅም። ሁለቱም ሊከተሏት ብድግ አሉ። በሩ ጠባብ ነው። መክብብ ቆም ብሎ «እለፍ» አለ። ቦናያ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ «ኧረ በፍጹም፣ አንተ ቅደም» አለ። ጃለቱ ይሄኔ መንገዱን ተሻግራ ከዓይን ጠፍታለች።