የጀማነሽ መቀነት

ደጉ ሰው ሲስቅ አይወድም። ሳቀብኝ ብሎ የጎረቤት ጥርስ ያወለቀ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ያውም በጣሊያን ጊዜ፣ የእናቱን አንጀት እንዴት እንደሚያሳርር የወለደ ያውቀዋል። እናቱ ጀማነሽ ጎረቤቱን እግሩ ላይ ወድቃ አስታረቀች። ትናንት ግን ነገሩ ከጎረቤት አለፈ። ካዛንቺስ፣ ጣሊያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት በሚያሠሩበት ቦታ፣ እናትና ልጅ አሸዋ ሲያመላልሱ ጣሊያናዊው የሥራ አለቃ፣ ካቦው፣ ከባልደረባው ጋር እየተጫወተ ሳቀ። ደጉ ድንጋይ አነሳ። ክንዱ ላይ ባትጠመጠምበት ኖሮ እዚያው በጥይት ይደፉት ነበር።

«በራሳቸው ወሬ እኮ ነው የሳቁት፣ ልጄ!»

«በኛ ነው። ሊገድሉ ሲሉ ነው የሚስቁት» አላት።

ከየት እንዳመጣው አልገባትም። በየካቲቱ እልቂት አባቱን አምኃን ሲወስዱት ልጁ አልጋ ሥር ነበር። «ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር፣ ዓይንህን ጨፍን» ብላዋለች፤ አላየም ብላ ደምድማለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ካላየ ምን ያስታውሳል! እንግዲህ የያዘው ጋኔን ነው፤ ለጋኔን ደግሞ መድኃኒት አለው። ዛሬ ካልዳነ ነገ ይገድሉባታል።

በማለዳ ጠበል ወሰደችው። እሺ ብሎ ተከተላት። በዓለም ላይ የማይፈራው ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

አጥማቂው አባ ገብረሕይወት ገና ሲያዩት፣ «ይታሰር፣ ሰው ይጎዳል» አሉ። ሻካራ የጭነት ገመድ መጣ። ጀማነሽ ገመዱን በእጇ ገፋ አደረገች።

«አባቴ፣ በገመድስ አይሁን፤ ይልጠዋል። እኔው ልሰረው» ብላ ለስላሳ የጥጥ መቀነቷን ከወገቧ ፈታች።

ደጉ መቀነቱን ሲያይ እጆቹን ራሱ ወደ ኋላ አደረገ። አልታገለም። ተመስገን፣ ገና ሳይጠመቅ ጋኔኑ ለቀቀው ብላ ደስ አላት። ቋጠሮውን አጥብቃ ስትጨርስ ልታባብለው ፈገግ አለችለት።

ልጁ ፈገግታዋን አየ።

«አባባንም በመቀነትሽ ነው ያሰሩት» አላት ቀስ ብሎ። «ከወገብሽ ነጥቀው። እየሳቁ።»

አይቷል። ሁሉንም አይቷል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። ልትፈታው ተንደረደረች፤ ጥፍሯ እስኪደማ ብትታገል ቋጠሮው አልላላ አላት።

«ደጉዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! እናትህ ነኝ!»

ደጉ ግን ያኔ እንዳዘዘችው ፊቱን ወደ ጠበሉ ቤት ግንብ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስክትገድለው ይጠብቅ ነበር።